ሃምሳው መታጠፊያ

የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ከፍርፋሪ ጠራርጌ፣
ካርታውን ዘረጋሁት፣ ጫፉን በጨው ዕቃ ይዤ፣ መነጽሬን አድርጌ።
ከፕቱይ ተነስተን፣ ድራቫን ተሻግረን፣ እስከ ክራንስካ ጎራ
መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ጡረተኛ የሚነዳው ሳይፈራ።
ከዚያ ወዲያ ነው ጉዱ፤
እንደ ተተረተረ የሹራብ ክር፣ ቭርሺች ላይ መንገዱ።
ሃምሳ መታጠፊያ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ፣
ሃያ አራቱ የሚወጣ፣ ሃያ ስድስቱ ወደ ትሬንታ የሚቀዳ።

ትናንት ባለጎማ ቤታችንን በሜትር ለካሁት፤
ሰባት ሜትር ነው ርዝመቱ፣ ከነብስክሌት ማንጠልጠያው ስይዘው ከጅራት።
ቁመቱ ሦስት ሊሞላ ስድስት ጣት ቀረው፤
ወርዱማ እንደ ጎረቤታችን እንደ ፍራንቺሽካ ነው፣
በጎኑ ካልሆነ በር የማያስገባው።
ሚዛን ላይ አወጣሁት፣ ከነውሃው፣ ከነድንቹ፣ ከነመድኃኒትህ፤
አርባ ኪሎ ብቻ ተረፈን፣ ለዝምታህ።

ኔዣ በስልክ ተቆጣች፦
«በጣልያን በኩል ዙሩት፤ ለስላሳ መንገድ እያለ ዳገት ምን አሳየሽ?
ስልሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ መሪ ከጨበጥሽ ገና ሁለት ዓመትሽ!»
እውነቷን ነው። መሪው ያንተ ነበር፣ የአውቶቡሱም የቤቱም፤
እኔ ከጎንህ ብርቱካን እየላጥኩ ነው ያየሁት፣ መንገዱንም ዓመቱንም።
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ማለፊያ፣ በሐምሌም በጥቅምትም፣
ሰው ጭነህ ወጥተህ ወርደሃል፤ ግንቡን አንዴ አልነካህም።

ከዚያ ያ ማለዳ። ቀኝ እጅህ ኩባያውን ለቀቀ፤
አፍህ ውስጥ የነበረ ቃል ሁሉ ከወተቱ ጋር ፈሰሰ፣ አለቀ።
ሐኪሟ ሥዕል ታሳይሃለች፦ ድመት፣ ቁልፍ፣ ማንኪያ፤
አንተ ዝም። እንደ ታኅሣሥ ማለፊያ።
ስምህ ቲሆሚር፣ ትርጉሙ ጸጥ ያለ ሰላም፤
እኔ ግን ይህን ያህል ጸጥታ ከአምላክ አልለመንኩም።

እንዲህ አቀድኩ፦ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ሞተረኛው ሳይነቃ፣ ዳገቱን ሳይወርሰው ብስክሌት።
በሁለተኛ ማርሽ እንወጣለን፣ በወጣንበት እንወርዳለን፤
ፍሬኑ ሲግል ከሸተተን፣ ጥግ ይዘን፣ ዳቦ ቆርሰን እንጠብቃለን።
ከዘነበ የድንጋይ ንጣፉ ሳሙና ነው፤
ሳሩን አይቶ ገደሉን የረሳ በሬ፣ ጥፋቱ መቸኮሉ ነው።

የድሮ ካርታህን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ በእርሳስ ሞልተኸዋል፤
ስምንተኛው ላይ «ናዳ»፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ «ክላክስ» ይላል።
ሃያ ሁለተኛው ላይ ግን፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ሚልካን እዚህ አስመለሳት። ወይ ልጅ ነው፣ ወይ የኔ አነዳድ፣ ወይ ገደል።»
አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አልነገርከኝም፤
እኔም ያን ቀን ዓሣው ነው ብዬ ነበር። ኔዣ ናት አላልኩም።

ጣቴን ከግርጌ አስነስቼ መስመሩን ይዤ ወጣሁ፤
ከኋላዬ ወንበርህ ሲንቋቋ፣ እግርህ ሲጎተት ሰማሁ።
አጠገቤ ቆምክ። ጣቴ ስምንተኛው ላይ ደረሰ፤
ከንፈርህ ተንቀጠቀጠ፣ ደረትህ አየር ሰበሰበና ተነፈሰ፦
«ጢጥ!»

ወጥ ቤት ውስጥ ክላክስ። የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ድምፅ።
አሥራ ሰባት ላይ «ጢጥ! ጢጥ!»፣ ረዘም አድርገህ፣ ማዶ ያለው እንዲሰማ።
አሥራ ዘጠኝ ላይ ዝም አልክ፤ አሥራ ዘጠኝ ማዶውን ያሳያልና።
ሃያ ሁለት ላይ በደህናው እጅህ ጣቴን ያዝከው፤
አቆምከው።

እሺ። እዚያ እንቆማለን። ካርታው መቆሚያ አያሳይም፤
ሰባት ሜትራችንን የት እንደማሳድራት አላውቅም።
ከእርሳስህ ጎን በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «መሪ፦ እኔ። ክላክስ፦ እሱ።»
ለኔዣ የምላትን ገና አላሰብኩም።
ቅዳሜ ጎማ ማስነፋት አለብኝ፤ የኋላው ትንሽ ጎድሏል ነፋሱ።