ከቴሌቪዥኑ በላይ

ሹምፐርክ ከተማ የገና ዋዜማ ቀኑ ቶሎ ይመሻል፣
የዓሣ ጥብስ ሽታ ከየቤቱ ወጥቶ ደረጃውን ይወርሳል።
ድራሆሚራ ድንቹን በማዮኔዝ ለውሳ፣
ፖሙን በወገቡ ቆርጣ፣ የዘሩን ኮከብ ዳስሳ፣
«ኦታካር!» ትለዋለች፣ «ጀመረልህ ፊልምህ፣
ቁጭ በል፣ እንዳያመልጥህ።»
ሃምሳ ስምንት ገና እንዲያው ነው፤ አምልጦት አያውቅም።

ፊልሙም ያው፤ አንድ ቃል አይጨምርም፣ አንድ ቃል አይቀንስም።
ልጅ ፋኖስ አንጠልጥሎ በረዶ ለበረዶ ይሄዳል፣
ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ የጠፋ አባቱን ያገኛል፣
ያን ጊዜ አንዲት ዕንባ በጉንጩ ቁልቁል ትወርዳለች፣
አገር ምድሩን መሐረብ ታስወጣለች።

ያ ልጅ እሱ ነው።
ያኔ ስምንት ዓመቱ፣ ጆሮው የቀላ፣ የፊት ጥርሱ የጎደለ፤
ዛሬ የአውቶቡስ መካኒክ፣ ጡረተኛ፣ ጉልበቱ የዛለ።
ዳቦ ቤት የተሰለፉ ሴቶች አሁንም «ፋኖሱ» ይሉታል፤
ያንዷ እጅማ ጉንጩን ሊቆነጥጥ ሄዶ፣ ሽበቱን ሲያይ ይመለሳል።

አያውቁም እንጂ፣ ፊልሙ የተቀረጸው በሰኔ ነው፤
የዚያ አገር ሰኔ ደግሞ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው።
በረዶው ግማሹ ጨው፣ ግማሹ የትራስ ላባ፣
የቀረው የሳሙና አረፋ፤ እሱ ነው ዓይኑ የገባ።
ያቺ የተመሰከረላት ዕንባ
በቃ፣ ይችው ናት። አዘጋጁ «ግሩም!» ሲል፣
ልጁ «ውኃ! ውኃ!» ይል ነበር፣ በበግ ለምድ ውስጥ ሲቀቀል።

ኦታካር ግን ራሱን አያይም፤
ዕንባዋ ስትደርስ ሹካ ይቆጥራል።
እሱ የሚጠብቀው አሥራ አንደኛዋን ደቂቃ ነው፦
ልጁ አደባባዩን ሲያቋርጥ፣ ከላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ፎቅ፣
መስኮት ይከፈትና አንዲት ሴት የገበታ ልብስ ታራግፋለች።
ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ትዘጋለች።

ተዋናይ አይደለችም። እናቱ ናት፤
ምሳውን ይዛ መጥታ፣ መስኮቱ ሰው ጎድሎት፣
«ባለ ሰማያዊ ሻሽ፣ አንቺ፣ ውጪ!» ብለዋት፣
ሃያ ኮሩና ከፍለዋት።
በዓመቱ፣ መኸር ላይ፣ ሞተች።
ሁለት ፎቶ አላት፤ በሁለቱም ትንፋሿን እንደያዘች።
ስትንቀሳቀስ የምትታይበት ስፍራ አንድ ይህ ነው፤
ክንዷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ያላት ዕድሜ ይኸው ነው።

ዘንድሮ ጣቢያው ፊልሙን «አደስኩት፣ አጠራሁት፣ አሰፋሁት» አለ።
ለስክሪኑ ስፋት ሲባል አናቱና እግሩ ጎደለ።
ጨዉ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል፣ የላባው አከርካሪ ይታያል፣
አሥራ አንደኛዋ ደቂቃ ደረሰች፤ ልጁ አደባባዩን ያቋርጣል፣
ከዳቦ ቤቱ በር በላይ ግን ምንም የለም፤ መስኮቱ ተቆርጧል።
ፍርፋሪው ብቻ
ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ከማን እጅ እንደሆነ እንጃ፣
በልጁ ቆብ ላይ ይወርዳል።

ኦታካር ሹካውን አስቀመጠ። ተነሣ።
ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ስንዝር ለክቶ
ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ናት» አለ። «እዚህ።»
«ሾርባህ ይቀዘቅዛል» አለች ድራሆሚራ፤
ስለ ሾርባ ግን አልነበረም ድምፅዋ።
የልጅ ልጁ ሮዛሊዬ ጣቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣
ምንም አላለች።

ሌሊት፣ ስጦታው ተፈትቶ፣ ቤቱ ሲያንኮራፋ፣
ወንበር ጎትታ ወጣች፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣
በእርሳስ ጠማማ መስኮት ሣለች፤ ውስጡ ክንዷ እጅግ የረዘመ ሴት፤
ከጨርቋ እስከ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ፍርፋሪ ዘራችበት።

ጠዋት ድራሆሚራ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች፣
ልትፍቀው እጇን አነሣች።
ቆመች።
የቴሌቪዥኑን አቧራ ብቻ ጠረገች።