ጉም በዓይን ቆብ ላይ

መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፣ ብርቄ፣ ከፔርሙዙ ለብ ያለ ቅጂ፤
የሰው ዓይን በደነዘዘ ጣት አይነካም፣ በሞቀ ነው እንጂ።
እትዬ እታፈራሁ ተቀምጠዋል፤ ሻርፑን ገና አልፈቱም፤
ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ወንበር አልሞከሩም።
በአውቶቡስ መስኮት ስር «ቆሎ» እያሉ ሲሮጡ ነው የማውቃቸው፣
ሻርፕ እስከ አፍንጫ፣ ሻሽ እስከ ግንባር፣ በመሃል ዓይናቸው።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ደምሰውን ያገባሉ፣ ከማደያው ማዶ ጎሚስታውን፤
ሃያ ዓመት የሁለት ብር ቆሎ ገዝቶ ሌላ ቃል ያላወጣውን።
አፉን የፈታ ለት ያለው፦ «ፊትሽን ብርድ ወሰደብኝ፤
ከአንቺ የማውቀው ዓይንሽን ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝ።»

እናም ዓይናቸውን ይዘው መጡ።
«ያ ጭስ የሚመስለው» አሉና፣ ሂሳቡን ቀድመው፣ በዝርዝር፣ ከመሃረብ ቋጠሮ አወጡ።

ስሚ እንግዲህ። ጭስ ማለት ጥቁር መለቅለቅ አይደለም፤
ጥቁሩን መጀመሪያ ያነሳች ልጅ መጨረሻዋ አያምርም።
«አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች» የተባለችው እሷ ናት፤
ቸኩላ ነበር፤ ሌላ ክፋት የለባት።

መሠረቱን ቀቢ፣ ስስ አድርገሽ፤ የቆቡ ሽብሽብ አስጊ ነው፤
በልጃገረድ ላይ የሚያልፍ ዱቄት እዚህ በየሽብሽቡ ነው የሚተኛው።
ቢሆንም አትወጥሪው እንደ ከበሮ ቆዳ፤
ፀሐይና የመኪና አቧራ የጻፉት ነው፤ የአንቺም አይቀርም ዕዳ።

ከዚያ ቡናማው፤ ደህና የተቆላ ገብስ የመሰለው፤
(ሳቁ እትዬ፤ «እሱንስ እኔ ነኝ የማውቀው።»)
ብሩሹን ከጫፉ ያዢው፣ ወደ ብረቱ አትጠጊ፤
እንደ አውቶቡስ መስታወት መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ አድርጊ።

ጠርማ በርን አስቢ። ጉሙ የት ጋ ጀመረ? ሹፌሩም አያውቅም፤
ዛፉ አለ፣ ዛፉ ሳሳ፣ ዛፉ የለም።
ቀለምሽም እንዲያ ይሁን፤ «እዚህ ላይ አበቃ» ካሰኘ፣
ያ ጉም አይደለም፤ አጥር ነው፤ ልፋትሽ መና ሆኖ ተገኘ።

ጥቁሩ አሁን ይምጣ። ትንሽ፤ የጉንዳን ራስ የምታህል፤
ከዓይኑ ጅራት ጀምሪ፣ ከውጪ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ይቅለል።
ተጫኚ እንጂ አትጥረጊ፤ መታ መታ፤
ጉንጭ ላይ የረገፈውን ተይው፤ በደረቅ ብሩሽ ይነሳል በአንድ አፍታ።

እዚህ ስንደርስ መብራት ሄደ።
አንዱ ዓይን ጭሷል፣ ሌላው ገና አልተማገደ።
ስልክሽን አበራሽ፤ የስልክ መብራት ውሸታም ነው፤ ቡናማውን ሰማያዊ ያደርጋል፤
ወንበሩን ከነሙሽራዋ ወደ በሩ ጎተትን፤ ደጁ ሳይከፈልበት ይበራል።
ከማዶ የሙሽራው ጎማ መንፊያ ጭጭ አለ፤
ሥራ ፈቶ ደጁ ቆሞ ይሆናል፤ ጉሙ ግን መሃላችን ገብቶ ከለለ።

«ወደ ላይ ይዩ» አልኳቸው። ኩሉን ከታች፣ በውስጠኛው ጠርዝ ሳስገባ፣
ዓይናቸው ሞላ። ብርድ ነው አሉ። እኔም ብርድ ነው አልኩ። ስንት ዓይነት አለው እንባ።
«እናቴ» አሉ፣ «እንዲህ ስትኩለኝ፣ በብረት መኳያ፣
ለዓይን ሕመም ነው ብላ ነበር፤ ቁንጅና አልወጣም ያኔ ለገበያ።»
ጠብታዋ ኩሉን ይዛ ወረደች፤ አንቺ ጥጥ አነሳሽ፤
እጅሽን ያዝኩት፤ እኔ ያልደረስኩበትን ጠርዝ እንባ ሲያለሰልሰው አየሽ።

ትንሿን መስታወት ያዙ። አምሬያለሁ አላሉም፤
አንዱን ዓይን ጨፈኑ፣ አዩ፤ ሌላውን ጨፈኑ፣ አዩ፤ ሁለቱን ጨፍኖ ማየት ግን አልቻሉም።
«ይሄ ሁሉ የሚታየው ስጨፍን ነው?» «አዎ፣ እትዬ።»
«እንግዲያ እሱ ነው የሚያየው፤ እኔ ሃያ ዓመት አልጨፈንኩም፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

ሻርፑን እስከ አፍንጫ መለሱት፤ ሻሹን እስከ ግንባር፤
ጉሙ ቀሚሳቸውን ዋጠ፣ ሻርፑን ዋጠ፤ ዞር ሲሉ ሁለት ዓይን ብቻ፣ በመንገዱ ዳር።

ብሩሾቹን እጠቢ፣ ብርቄ፤ ውሃው ሳይቀዘቅዝ።