ማክሰኞ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው አሳደጉኝ፤
ሺህ ጊዜ እሺ ብዬ፣ ሺህ ሰዎች ፈለጉኝ።

አባ ይርጋ በማለዳ፣ ደብዳቤ ታቅፈው፣
«ትርንጎ፣ አንብቢልኝ፤ ምን ይሆን የጻፈው
ይሄ ብሔራዊ መድን?»
ገና ሻሽ ሳላስር፣ ገና ውሃ ሳልጠጣ፣
የማንጠግቦሽ ቀጠሮ፣ የአስረስ ልጅ ጣጣ፤
ከላይ ቤት አሮጊት፣ ከታች ቤት አራስ፣
ለሁሉም እግር ሆኜ፣ ለሁሉም ራስ።

ቀን ደግሞ ሥራዬ ከአረጋውያን ቤት፤
ማንኪያ ነው፣ ትራስ ነው፣ መድኃኒት በሰዓት።
ሮማኒያዊቷ ክላራ እጄን ይዛ ታለቅሳለች
በማላውቀው ቋንቋ፤ «እሺ» ስላት ትተኛለች።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ሲባልም ሰምቻለሁ፤
እኔ ግን የሰንበቱን ዳቦ ስንት ዓመት ቆርሻለሁ
ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሰው። ቢላው እኔ ጋ ሲደርስ፣
የቀረኝ ፍርፋሪ፣ ለወፍ የማይሆን ቁርስ።

አንድ ቀን ነርሷ ክንዴን አስራ፣
ቁጥሩን አየችና ዝም አለች።
ስንቱን ዝምታ ስተረጉም ኖሬ ለሰው፣
የራሴ ሲሆን ጊዜ ቃል አጣሁ ልመልሰው።
«በእግርሽ ሂጂ» አለችኝ።
«የት?»
«የትም። ዝም ብለሽ።»
ማን ታሞ? ማን ወልዶ? ያለ ጉዳይ መንገድ
አላውቅም ነበርና፣ አፈርኩኝ ለመሄድ።

ማክሰኞ፣ በኛ አሥራ አንድ፣ በነሱ አምስት ሲል፣
ስልኬን ቀበርኩት ከመሳቢያ፣ ከማንኪያዎች መሐል፤
ደረጃውን እንደ ሌባ በጣቴ ወረድኩ፣
የአባ ይርጋን በር እስካልፍ ትንፋሼን ይዤ ሄድኩ።

ሃያ ሰባት ዓመት አሽቀሎን! ባሕሩ ከቤቴ
ሩብ ሰዓት ነው በእግር፤ አቤት፣ አቤት አቤቴ!
ባየውም በአውቶቡስ መስኮት፣ የሰው ፖስታ ጭኔ ላይ፣
በሕንጻ መሐል የተሰጣ ሰማያዊ ነጠላ መሳይ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ እጄ ሥራ አጣ፤
ዓሣ አጥማጁን «በልተሃል?» ልለው ምላሴ ቃጣ።
ሰው የጣለው ጠርሙስ ለቀምኩ፣ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ፣
ጸሐይዋ እስክትጠልቅ፣ ሰዓቴ እስኪደርስ።
ሁለተኛው ላይ ጫማዬን አወለቅሁ።
ሦስተኛው ላይ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁ።
አራተኛው ላይ፣ ሰው ሳይሰማኝ፣ ለማዕበሉ
«ዛሬ አልችልም» አልኩት።
እንደ አዲስ ጫማ ቆረጠኝ ቃሉ።
እሱ ግን ያለ ቅያሜ ሄደ፣
ተመልሶም መጣ፣ እንደ አመሉ።

ትናንት ከባሕሩ ገብቼ መሳቢያውን ስስብ፣
አሥራ አንድ ጥሪ!
ጉልበቴ ከዳኝ፣ ክፉ ክፉውን ሳስብ፤
ማን ሞተ? ማን ወደቀ?
የአስረስ ልጅ ቅጹን ራሱ ሞልቷል።
ማንጠግቦሽ ሾፌሩን ጠይቃ ሐኪም ቤት ደርሳለች፤
«ለካ ቀላል ነው!» ብላ፣ እየሳቀች ነግራኛለች።
አባ ይርጋ ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊደል ቆጥረው አንብበዋል፤
ደብዳቤው የምንጣፍ ማስታወቂያ ኖሯል፤ ሁለቱም ስቀዋል።

ከፋኝ፣ ልዋሽ አልችልም።
ያለኔ ካደረ ሰፈሩ፣ ያለኔ ከነጋ፣
እኔ ማን ነኝ ታዲያ? ቆምኩ ከመሳቢያው አጠገብ፣ ከማንኪያዎቹ ጋ።

አሥራ አንደኛዋ ልጄ ሊአት ነበረች፣ ከቤርሼባ።
ደወልኩላት። «ምን ሆንሽ? ምን ልላክልሽ?»
«ምንም አልፈልግም፣ እማ። እንዴት ነሽ ልልሽ ነው።»

«ደህና» ልል አፌን ከፈትኩ፣ እንደ ልማዴ፤
አሸዋው ከቀሚሴ ጠርዝ ይፈስሳል፣ ወለሉ ላይ፣ በዘዴ።
«ቆይ» አልኳት፣ ወንበር ስቤ፣
«ቆይ እስቲ፣ ላስብበት ቁጭ ብዬ።»