የዘገየ ወሬ

መጋቢት ነው፣ ሃያ ዓመተ ምሕረት፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፤
እኔ የኬላ ጸሐፊ ነኝ፣ አሞሌ ቆጣሪ በሙያ።
ከሸዋ በበቅሎ ጀርባ፣ ሳሙና ጠቅልሎ የመጣ፣
ዳር ዳሩ በወዝ የራሰ፣ አንድ ቅጠል ጋዜጣ።

አነበብኩላቸው ጮክ ብዬ፣ ለተሸካሚዎቹ ሁሉ፦
«ባሕር ማዶ፣ በረዶ አገር፣ ሠራተኞች ነገሡ አሉ፤
ድንጋይ ፈላጭ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ከሚኒስትር ወንበር ዋሉ።»

ዝም አለ የገበያው ጥግ። አህያ ብቻ አናፋ።
ሙሄ ከጨዉ ሥር ቀና አለ፣ ላቡን በአይበሉባው ገፋ፤
«እነሱ ከነገሡማ፣ ታዲያ ማነው የሚሸከመው?»
ሳቁ። ጥያቄው ግን ይመርን ነው፣ እንደ እሾህ ገብቶ ያመመው።

ማታውን ሠላሳ አራት ሆነው ማሉ፤ ማተብ ያለው በማተቡ፣
ሶላት ያለው በኪታቡ።
ይመር አበጋዝን አለቃ፣ እንጨት ሻጯን ጦይባን ገንዘብ ያዥ፤
ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «ሳይከፈል ጨው አንይዝ።»

ማክሰኞ ጨው መሬት ዋለ። ረቡዕ መሬት አደረ።
ሐሙስ ከጦሳ ደመና ወርዶ፣ ባለጨው ሁሉ ተሸበረ።
«መሐለቅ እንጨምር» አሉ። ይመር፦ «ሁለት!» ብሎ ቁጭ አለ፤
ባለጠጋ ቆሞ እሱ ሲቀመጥ፣ ገበያው ሁሉ ጉድ አለ።

ዓርብ ሌላ ጋዜጣ መጣ፤ ስኳር ነበር ጠቅልሎ።
የነዚያ መንግሥት ወድቋል፣ አሥራ ስምንት ቀን ውሎ።
ባለገንዘቦች ፈሩ አለ፤ ሣጥን ሁሉ ተቆለፈ፤
ቀን ብቆጥር፣ የፊተኛው ወሬ ደሴ ሳይገባ ነው ያለፈ።
ተሸካሚዎቹ የማሉት፣ በሞተ ሰው ነበር ለካ።
አጥፌ ከባርኔጣዬ ሥር ሸጎጥኩት፣ ሌላ እጅ ሳይነካ።

ዝም በማለቴ ይሁን እንጃ፣ ዘጠኝ ቀን ተጨመረላቸው።
ከዚያ ነጋድራሱ ከባቲ፣ የራበው ሰው አመጣባቸው።
ይመር ተነሥቶ፣ ከጨዉ ሥር፣ እንደ ድሮው ጎበጠ፤
አንዷ መሐለቅ ግን ቀረችለት፤ እሷን ማንም አልቆረጠ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ኅዳር ነው፤ ደሴ ላይ ቦምብ ሲወርድ፣
እኔና ይመር አንድ ቦይ ውስጥ፣ ምድር ከሥራችን ስትርድ፣
«ጸሐፊ፣» አለኝ፣ «እነዚያ፣ የበረዶ አገር ሰዎቹ፣
አሁንም ነግሠው አሉ?» አቧራ ለብሰው ዓይኖቹ።

«አሉ» አልኩት። ዋሸሁት።

ኋላ፣ ከብዙ ዘመን ኋላ፣ ያው ልማዱ ነው ሲዘገይ፣
ሰማሁ፦ ያን ለት እውነትም ነበሩ፣ ተመልሰው ወንበሩ ላይ።
ልነግረው ሰኞ ገበያ ወረድኩ።
ይመር የለም።
ይህን ወሬ ማን ይሸከመው?