ባቡር ቤት

ጎጃም ሐዲድ የለም። ባቡር ግን ሞልቶናል፤
በየቀበሌው ዳር ጎህ ሳይቀድ ያጓራል፤
ጤፉን ከዳጉሳ፣ በቆሎን ከገብስ
ለይቶ የሚያደቅ፣ ዱቄት የሚያለብስ፣
ድንጋይ የዋጠ ጉድ፣ ናፍጣ የሚጠጣ፤
ስሙ ባቡር እንጂ፣ ከየትም አልመጣ፣
የትም አልሄደም።

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ኋላ፣
ጋሽ አንማው የሚሉት፣ እጁን ግራሶ የበላ
የባቡር ወጌሻ፣ አንድ የጥር ማለዳ
የሦስት ሞተር ሬሳ አሰልፎ ሜዳ፣
“አርባ ዓመት ቆመው ጮኹ፤ መሄድ አማራቸው፤
አፈር ሳይጫናቸው እግር ልሥራላቸው”
አለ።

ሠራም።
ሐዲዱ አንግል ብረት፣ ስፋቱ ሁለት ስንዝር፤
እግሩ ከፑሌጃ፣ ሲነኩት የሚሾር፤
ጭስ ማውጫው የዘይት፣ የእርዳታ ጣሳ ነው፣
ጽሑፉ ያልለቀቀ፣ ዝገት የጀመረው።
ወንበሩ ጣውላ ነው። ትልቅ ሰው አንፈራጦ፣
ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ተቀምጦ፣
ሳቁን እየዋጠ ይሄዳል በክብር።

ስም አወጣላቸው፤ የበሬ ስም። ቦራ፣
ግንባሩ ላይ መብራት፣ አንድ ዓይን የሚያበራ፤
ጉራች ሳለኛ ነው፣ ግን ደግሞ አይደክም፤
ዳልቻ ዳገት ሲያይ ደርሶ የሚለግም።
እኔ ረዳቱ ነኝ። ትኬት የሚባል የለን፤
ሁለት ብር ለአንድ ዙር፤ ያጣ ማንጎ ከፈለን።

የመጀመሪያው ቀን እማማ አንጓች መጡ፤
“አዲስ ባቡር ገባ” ቢሏቸው ሳይቀመጡ፣
አንድ ቁና ዳጉሳ በጆንያ ቋጥረው።
“ወረፋው የማን ነው?” ማን ደፍሮ ይንገራቸው!
ጋሽ አንማው ዝም ብሎ፣ ከነጆንያቸው
ከቦራ ኋላ፣ ከፊተኛው ጣውላ አስቀመጣቸው።
ዞርን። በማንጎው ሥር፣ በሸንኮራው ጥጋት፣
ሦስት እርምጃ በሆነች የእንጨት ድልድይ አናት፣
ቦራ እየተንደቀደቀ፣ ልጆች እየጮኹ፣
እሳቸው ጆንያውን እንደ ሕፃን ታቅፈው።
ተመልሰን ቆምን፤ ያው ከተነሳንበት።
ወረዱ። ቋጠሮውን ፈትተው፣ ዘግነው አዩት።
“አልተፈጨም’ኮ!” አሉን።

በዓመቱ ነሐሴ ላይ ምሰሶ ወደቀ፤
አሥራ አንድ ቀን ጨለማ፤ ዱቄቱም አለቀ።
ወፍጮው እንደ ድሮው ናፍጣ አይጠጣም፤
መብራት ከሌለ ዛሬ ድንጋዩ አይነሳም።
ሰው ንፍሮ በልቶ አደረ። ሕፃናት አለቀሱ።
እማማ አንጓች ዳግም፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣
ጆንያቸውን ይዘው፦ “ያ የሚዞረው በሬ
ዛሬስ አይነቃ?”

ጋሽ አንማው መልስ የለው። ቦራን ከሐዲዱ
በስምንት ሰው ሸክም፣ ጭቃ እየናዱ፣
ወደ ወፍጮ ቤቱ። እግሩን ከመሬት አንስቶ፣
ቺንጋውን ከእግሩ ወደ ድንጋዩ ዘርግቶ፣
መዘወሪያውን መታ።
ያ የልጆች ፈረስ፣ ያ የእሑድ ጨዋታ
አጓራ።
አንዴ ያጓራውን አርባ ዓመት ያልረሳ፣
ከጣሪያው ላይ አቧራ፣ ርግብ አስነሳ።
አራት ቀን፣ አራት ሌት። ጉራችም በተራው
እያሳለ ፈጨ፤ ዳልቻም ተከተለው፤
ዳገት ስለሌለ መሰለኝ፣ አልለገመም።

መብራቱ ሲመጣ ቦራን መለስነው።
የአገሩ ጤፍ ሁሉ ግንባሩን አልብሶት፣
ገና አሁን ቦራ ሆኗል፣ ስሙ እንደ ጠራው።
ላጥበው ጨርቅ ባነሳ፣ ጋሽ አንማው “ተወው”
ብሎ ጨርቄን ቀማኝ። አፍንጫውንም ጠረገበት።

መስከረም፣ እሑድ ቀን፣ እማማ አንጓች መጡ፤
ጆንያ የለ፣ ቁና የለ፤ ሁለት ብር አወጡ፣
ከመቀነታቸው፣ በላብ የረጠበ።
“ዛሬ ምን ይዘው ነው?” አልኩ እየቀለድኩ።
“ዛሬማ ዓይኔን ነው። ያን ለት ጆንያ ስጠብቅ
ማንጎውን ሳላየው አለፍን። ቀስ በል እሺ፣
እዛ ጋ ስትደርስ።”