አሥራ አምስት ደቂቃ

በአላሙራ ወገብ ላይ፣ ሐይቁ ከታች ሲያንጸባርቅ፣
ሥራዬ ሣር ማጠጣት ነው፤ ቅጠል መልቀም፣ አበባ መጠበቅ።
ፊደሌ ስለሚያምር ደግሞ፣ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ
ሰጥተውኛል፤ ቀን በቀን እጽፋለሁ ለእንግዳ፦

ጠዋት፣ የወፍ ጉብኝት።
ቀትር ላይ፣ የዓሣ ምሳ። ለሻተ ጀልባ አለለት።
ከአሥር እስከ አሥር ከሩብ፣ የእንሰት አፋፋቅ ትርዒት።
ከዚያ ሻይ። ከዚያ፣ ከሰገነት፣ የፀሐይ መግባት።

ትርዒቱ ዱካሜ ናት። ይኼ ግቢ ጓሮዋ ነበረ፤
ካሳው ለልጇ ባጃጅ ሆነ፤ ባጃጁም ተሰበረ።
ከመቶ ምናምን እንሰቷ አሥራ አንዱን አስቀርተው፣
በር ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ዘበኛ አቁመው፣
"አይንኩ" የምትል ጣውላ ሰቀሉባቸው በሽቦ።
(እሷንም የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ "ኩ" ላይ ቀለሙ ተንጠባጥቦ።)
እየነቀለች፣ ቦታ እየለወጠች ያሳደገቻቸው፣
በልጆቿ ቁመት ዕድሜ የምትቆጥርላቸው፤
አሁን ልታያቸው ስትገባ ባጅ ይንጠለጠላል ከአንገቷ፤
ፎቶው የእሷ ነው፤ ስሙ ግን "እማማ ባህል" ነው፤ አላወጣላትም አባቷ።

ያን ቀን፣ አንዱን ለትርዒት ቁረጪ ተባለች።
ዞረችው። ግንዱን በመዳፏ ዳበሰች።
"ደርሷል" አለች።
ለራሷ ነው፤ ሁጤሳ ግን ለእንግዶቹ ተረጎመ፦
"እንኳን ደኅና መጣችሁ ትላለች።"

ተቀመጠች። አንድ እግሯን ወደ ጣውላው ሰቅላ፣
ቅርፊቱን በተረከዟ ይዛ በቀርከሃ ስትፍቅ፣ ጠብ አለ ቡላ።
ስልኮች ተነሡ። አንዲት ፈረንጅ ቀርከሃውን ሞከረች፤
ጣቷን አሸተተች፣ ሳቀች፣ መለሰች።
አሥር ከሩብ። ሁጤሳ አጨበጨበ፤ እንግዶቹም ተከተሉ።
"ይበቃል፣ እማማ፤ ወደ ሻይ ሊሄዱ ነው ሁሉ።"

እሷ ሌላ ቅርፊት አነሣች።

"ይበቃል" አላት ዳግመኛ፣ በሲዳምኛ፣ በለሆሳስ።
"ማን ጀምሮ ይተወዋል? እንሰት ተቆርጦ አይመለስ።"
ደግሞስ ብቻ ይፋቃል እንዴ? ከአጥሩ ማዶ፣ ወደ መንደሩ፣
አንድ ጊዜ ተጣራች። አራት ሴቶች መጡ በጓሮ በሩ፣
ጣውላቸውን ተሸክመው። ዘበኛው ባጅ ጠየቀ፤
አንዷ "ይኸው ባጄ" ብላ መፋቂያዋን አሳየችው፤ ዘበኛውም ሳቀ።

እንግዳ ሻዩን ጠጣ። ፀሐይ ገባች፤ ተቀረጸች።
ሐዋሳ ከታች መብራቷን አንድ በአንድ ለኮሰች።
እነሱ ገና ናቸው። ትርዒት አይደለም፤ ወሬ ነው አሁን፦
የማን ላም ወለደች፣ ማን ልጁን ዳረ፣ ማን ካደ ዕቁቡን።
ተመልካች የለም፤ ስለዚህ ሳቃቸው ከፍ ብሏል፤
ቃጫው በእኔ ጽጌረዳ ላይ እንዲደርቅ ተሰጥቷል።

"ጉድጓድ" አለችኝ ዱካሜ።
አካፋው በእጄ ነው። ሣሩ፣ ስንት ቦቴ ውሃ የጠጣው ሣር፣
የከረከምኩት፣ ያበጠርኩት፣ ተዘርግቷል እስከ ዳር።
እናቴም እንዲህ ነበር የምታዘኝ፤ አንድ ቃል፣ ሌላ የለም።
ቆፈርኩ። ቅጠል አነጠፉ፣ ሞሉ፣ ረገጡ፣ ድንጋይ ጫኑ፤ ማንም አልተናገረም።

ሰነባብቶ ሽታው ተነሣ፤ ቀስ ብሎ በሰገነቱ ገባ።
አንዱ "ቧንቧ ፈነዳ" አለ፤ አንዷ ጠረጠረች አበባ።
ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ መጣ፦
"ምንድን ነው የቀበራችሁት? ዛሬውኑ ይውጣ!"
"ዛሬ አይወጣም" አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።
"መቼ ነው ታዲያ? ሰዓቱን ጻፈው" አለኝ።

ከትርዒቱ በታች፣ ከሻይ በላይ፣ ጠመኔው ተሰብሮ እስኪጨረስ
ተጫንኩት፤ በዚያ በሚያምረው ፊደሌ፦
ሲደርስ።