ሐኪሙ «ተራመድ» ብሎኝ

«ስኳር አለብህ» አለኝ፣ ሐኪሙ ቀና ሳይል፣
«ግማሽ ሰዓት ተራመድ፣ ዛፍ ባለበት በኩል።»

ዛፍ ባለበት በኩል! ከአባዶ ኮንዶሚኒየም፣
በመስኮት ብቆጥር ከሦስት ዛፍ አያልፍም፤
አንዱ ጽድ ደርቋል፤ አንዱ ላይ ልብስ አለ፣
ከቅርንጫፍ ሽቦ የተንጠለጠለ፤
ሦስተኛው ችግኝ ነው፣ ቁመቱ የሕፃን ልጅ፣
የጎረቤት በግ ነው የሚላጨው በደጅ።

እንዲያም ሆኖ ወጣሁ፣ በልጄ ስኒከር፣
ሁለት ቁጥር ቢሰፋኝ ጠብቆ ታስሮ በክር።

መጀመሪያ ሄድኩኝ ከብሎክ ሠላሳ ፊት፣
ካርታው አረንጓዴ ቀለም የቀባበት፤
«የሕፃናት መጫወቻ» ይላል ታፔላው ላይ፣
ሥሩ አንድ ሚኒባስ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ
በክሪክ ተሰቅሎ። ልጆች በዙሪያው
ኳስ ያንከባልላሉ፤ ጎላቸው ጎማው።
ሹፌሩ ሲቆጣ፣ «መስታወት ልትሰብሩ!»፣
«ታፔላውን አንብብ» አለችው፣ ባጥሩ
የተደገፈችው ግብ ጠባቂያቸው፣
ሲፈን፤ ዘንድሮ ነው ፊደል የለየችው።

ከዚያ ወደ ፓርኩ። አዲሱን ማለቴ ነው፣
ፏፏቴው ማታ ማታ ሰማያዊ የሚሆነው።
መግቢያው ሃምሳ ብር። ከፈልኩ ሳልከራከር
ለዳቦ ከያዝኩት፤ ዳቦውንስ ስኳር
ወስዶብኝ የለም ወይ? ገባሁ። ሣር ነው ሣሩ!
እንደ ሙሽራ ፀጉር ተከርክሞ ዳሩ።
«ሣሩን አትርገጡ» በየአምስት ክንዱ፤
ሰው ሁሉ በጠርዙ፣ በኮብሉ መንገዱ።
አራት ሙሽሮች አሉ፣ ለአንድ ዛፍ በወረፋ፤
ካሜራማን «ፈገግ!» ሲል ሚዜው ሲያንቀላፋ።

አግዳሚው ሞልቷል። እኔም ጉልበቴን ይዤ፣
ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ ፈዝዤ፤
የጫማዬን ክር ላጠብቅ ዝቅ ስል ብቻ፣
አንድ ድንጋይ አየሁ፣ ከእግሬ መርገጫ።

አወቅሁት።

ግራኝ ነኝ። ምቴ ወደ ግራ
ያጋድላል ሁሌ። ድንጋዩ ሳይኮራ
ጠባሳውን ይዞ ተኝቷል በደረት።
ከዳገቱ ካባ፣ የዛሬ አሥር ዓመት፣
ኮብል ስንጠርብ፣ ፍሬው በሁለት ብር፣
ደልነሳሁና እኔ፣ ትቢያ ስንቅም ስናድር።
እሱን ሳል ወሰደው። ሐኪሙ ለሱም አለው፣
«ንጹሕ አየር ሳብ።» የት እንዳለ አልነገረው።

ተነሣሁ። ከፓርኩ ወጥቼ ዳገቱን፣
ባሕር ዛፉን አልፌ፣ የውኃ ጋኑን፣
ሄድኩ ወደ ካባው። ሰው ትቶት ከሄደ
ስንት ክረምት ሆኖት፣ ጎርፍ እየወረደ
ጉድጓዱን ሞልቶታል። ዳክዬ አለ፣ ሁለት፤
ማን ነግሯቸው ይሆን፣ ያለ ቲኬት መግባት?

እዚያ፣ በቆርቆሮ ሲሚንቶ የሞሉ
ጎረምሶች፣ ክብደት ያነሣሉ፣ ይጥላሉ፤
ጃንጥላ የያዙ፣ ከዝናብ ሳይሆን ካጎት
የተሸሸጉ ጥንዶች፤ ሳቃቸው በሹክሹክታ ስልት፤
አንዲት ልጅ በጠርሙስ፣ ቀሚሷ እስኪርስ፣
የእንቁራሪት ግልገል ታጠምዳለች በቀስ።
ደልነሳሁ ምሳውን ይበላበት የነበር
ቋጥኝ አሁንም አለ፣ ዙሪያው በቅሎ ሣር፤
ማንም ያልከረከመው፣ ማንም ያልቆጠረው፣
እንደ ልጅ ፀጉር ነው፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው።

ጫማዬን አወለቅሁ። ግማሽ ሰዓቱ አልፏል፤
ፀሐይ ወደ ጣፎ ጥላዬን ገፍቷል።
ተኛሁ ሣሩ ላይ። «አትርገጥ» የሚል የለም፤
ግን ከራሴ በላይ፣ ቋጥኙ ላይ በቀለም፣
ቀይ፣ ገና ያልደረቀ፣ ቁጥር ሰባት አለ፤
ቀያሽ ነው፣ ጧት መጥቶ ሲለካ የዋለ።

«ፓርክ ሊሆን ነው፣ አባባ፤ ካፌም አለው» አለኝ፣
አንዱ ክብደት አንሺ፣ ላቡ እያስቀናኝ።
ስለ መግቢያው ዋጋ ልጠይቀው ብዬ
ተውኩት። ያኔ በረረች አንደኛዋ ዳክዬ።
«ድንጋዩን ማን ይጠርባል?» ትከሻውን ሰበቀ።
ግራ እጄ፣ ኪሴ ውስጥ፣ መዶሻ እንደያዘ ጠበቀ።